ከፎቶግራፉ በታች የሚጻፈው ቃል

ፎቶግራፍ መልክን ያሳያል እንጂ ስምን አይናገርም። የሰውየውን ልብስ፥ የፊቱን ገጽታ፥ በኋላው ያለውን ድንጋይና ድንኳን በትክክል ያስቀምጣል፤ ነገር ግን ይህ ሰው ማን ይባላል፥ የማን ልጅ ነው፥ ከመሣሪያው ፊት ማን አቆመው፥ ከዚያስ በኋላ ምን ሆነ ብሎ ለሚጠይቅ አንዳች መልስ አይሰጥም። መልሱን የሚሰጠው ከሥር የሚጻፈው ጥቂት ቃል ነው። ይህንንም ቃል ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ፎቶግራፉን ያነሣው ወይም የገዛው እንጂ የተነሣው ሰው አይደለም። ስለዚህ የአንድን መንግሥት ያለፈ ዘመን ከአሮጌ ፎቶግራፍና ከጥንት ዕቃ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን የጽሑፉን እጅ ደግሞ ሊመረምር ይገባዋል።

በጎንደር ከተማ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ታሪክ የሚያስተምር ሰው ነበረ። ለደብሩ አዳራሽ ስለ መቅደላ ዘመቻ ፎቶግራፎችን ሰብስቦ እንዲሰቅል፥ በእያንዳንዱም ሥር በአማርኛ የሚነበብ ቃል እንዲጽፍ የሰበካው ጉባኤ አዘዘው። ሥዕሎቹን ማግኘት አላስቸገረውም፤ የሩቅ አገር ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዘክር ዛሬ ብዙውን መዝገባቸውን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለሚያሳዩ፥ አባቶቹ ባሕር ተሻግረው ሊያዩት ያልቻሉትን እርሱ በጠረጴዛው ላይ ሆኖ አየው። ያስቸገረው ጽሑፉ ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እንዳለ ወደ አማርኛ ቢመልሰው፥ ልጆቹ የገዛ አገራቸውን ታሪክ በዘመተው ወታደር አፍ ሊያነቡ ሆነ። ያንን ትቶ የራሱን ቢጽፍ ደግሞ ለሚጽፈው ነገር ሁሉ ማስረጃ ያስፈልገዋል።

አስቀድሞ የተመለከተው ወታደሮቹ ያነሡአቸውን ፎቶግራፎች ነው። በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ ከዙላ ወደብ ተነሥቶ በመጣ ጊዜ፥ ከመሐንዲሶቹ ክፍል ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች አብረው ነበሩ። የዚያን ዘመን ፎቶግራፍ እንደ ዛሬው ጣት በመጫን ብቻ የሚገኝ አልነበረም። የመስተዋት ሰሌዳ ኮሎዲዮን የሚባል የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይቀባል፤ ብር በተሟሟበት ውኃ ይነከራል፤ ሳይደርቅ በመሣሪያው ውስጥ ገብቶ ብርሃን ይቀበላል፤ ወዲያውም በጨለማ ድንኳን ውስጥ በመድኃኒት ይታጠባል። ሰሌዳው ከደረቀ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። በዚህ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር እንደ ጭጋግ ሆኖ ስለሚቀር ሊነሣ የሚችለው የቆመና ዝም ያለ ነገር ብቻ ነበር።

እንግዲህ በነዚያ ፎቶግራፎች ውስጥ ያለው ምንድን ነው? የዙላ ወደብ፥ የሰናፌ ሰፈር፥ ገደላገደሉ፥ ጢማቸውን ያሳደጉ መኰንኖች በረድፍ ተቀምጠው፥ ከእስር የተፈቱት አውሮፓውያን ከነልጆቻቸው። የሌለውስ? በስቅለት ዕለት፥ ሚያዝያ 3 ቀን፥ በአሮጌ ሜዳ የሆነው ጦርነት የለም። በዚያች ዕለት ከኢትዮጵያ ወገን 700 ያህል ሰው ሲሞት ከእንግሊዝ ወገን በቍስል የሞቱት 2 ብቻ ነበሩ። ይህን ፎቶግራፍ አያሳይም፤ ሆን ተብሎ ተደብቆ ነው ማለት ግን ፍርድ ማጣመም ይሆናል፤ መሣሪያው ሊያየው አልቻለም ነበርና። ቢሆንም ልጅ ሥዕሎቹን ብቻ አይቶ ቢወጣ ዘመቻው በተራራ ላይ የተደረገ ጸጥ ያለ ጕዞ ነው ብሎ ያስባል። መምህሩም ስለዚህ በሰናፌው ሰፈር ፎቶግራፍ ሥር ስለ ሰናፌ ሁለት መስመር፥ ስለ አሮጌ ግን አምስት መስመር ጻፈ። አንድ ያየው ሰው «ይህ እኮ አሮጌ አይደለም» ቢለው «የአሮጌ ሥዕል ስለሌለ ቃሉን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ» ብሎ መለሰለት።

የዓፄ ቴዎድሮስም ፎቶግራፍ የለም። በየሱቁና በየመጽሐፉ የሚታየው ሹሩባ የተሠራ ራስና የሚያስፈራ ዓይን የሥዓሊ አሳብ ነው እንጂ ከፊታቸው የተቀዳ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ይልቅ በገዛ ሽጕጣቸው ከሞቱ በኋላ፥ ከጦሩ ጋራ የመጣው የብሪታንያ ቤተ መዘክር መልእክተኛ ሪቻርድ ሆምስ የሬሳቸውን ፊት በእርሳስ ሣለው፤ ከራሳቸው ጠጕር የተቈረጠው ደግሞ እየተወረሰ ኖሮ በመጨረሻ በለንደን በጦር ቤተ መዘክር ተቀመጠ። ያ ጠጕር በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በሕይወት ሳሉ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ያልተገኘላቸው ንጉሥ ከ150 ዓመት በኋላ ከገዛ አካላቸው አንዱ ክፍል ወደ አገሩ ገባ። የሰበካው ጉባኤ ሊቀ መንበር በሱቅ የሚሸጠው ትልቁ ሥዕል በአዳራሹ መካከል እንዲሰቀል ፈልገው ነበር፤ መምህሩም ሰቀለው፤ ከሥሩ ግን «ዓፄ ቴዎድሮስ፥ በሥዓሊ አሳብ» ብሎ ስለ ጻፈበት ሊቀ መንበሩ ደስ አላላቸውም።

ከዚህ ቀጥሎ ዕቃዎቹ መጡ። ነገሩ ጭንቅ የሆነው በዚህ ነው።

ከመቅደላ የተዘረፈው ዕቃ በ15 ዝሆንና 200 በሚያህል በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ በዚያም ሁለት ቀን ሙሉ በጨረታ ተሸጠ። የተገኘው 5,000 ፓውንድ ያህል ገንዘብም ለወታደሩ ተከፋፈለ። ሆምስ ለቤተ መዘክሩ የሚሆነውን እንዲገዛ ገንዘብ ተሰጥቶት ነበረ። እርሱ ግን ጨረታውን እንኳ ሳይጠብቅ ከአምባው ላይ አንድ ወታደር የጳጳሱን የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ይዞ ሲሄድ አግኝቶ ሁለቱን በ4 ፓውንድ ገዛው። ዘውዱና ጽዋው ዛሬ በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት በሚባለው ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ፎቶግራፋቸው በጣም የጠራ ስለ ሆነ በዘውዱ ላይ የተቀረጹት የሐዋርያትና የወንጌላውያን መልኮች አንድ በአንድ ይታያሉ። መምህሩ ይህን ሥዕል ሲመለከት ቆየ፤ ምክንያቱም እንደ ሊቃውንቱ ምርመራ ሁለቱንም እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ አሠርተው ለደብረ ፀሐይ ቍስቋም እንደ ሰጡ ይታመናል። ቍስቋም ማለት ከአዳራሹ ደጅ ወጥቶ ቀና ላለ ሰው ከኮረብታው ላይ የሚታየው ደብር ነው።

እንዲህ ከሆነ የጎንደር ቍስቋም ዕቃ መቅደላ አምባ ላይ ምን ሊሠራ ወጣ?

መልሱን የጎንደር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በመድኃኔ ዓለም ስም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሊያቆሙ አስበው ከጎንደር አድባራት መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት አስወሰዱ፤ በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ከተማይቱ ተዘረፈች፥ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። ሆምስ ለብሪታንያ ቤተ መዘክር ያስገባቸው 350 መጻሕፍት ሲመረመሩ በብዙዎቹ ላይ የጎንደር አድባራት ስም ይገኛል።

ስለነዚህ መጻሕፍት በሰፊው መናገር ይገባል። አውሮፓዊው መርማሪ መጽሐፉን ሲገልጥ አስቀድሞ የሚመለከተው ሥዕሉንና ወርቁን ነው፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ታሪክ ግን አብዛኛው የተጻፈው በኅዳጉ ላይ ነው። ንጉሥ ለደብር ርስት ሲሰጥ የሚጻፈው በወንጌሉ ባዶ ገጽ ነበር፤ የመሬቱ ወሰን፥ የሰጪው ስም፥ የምስክሮቹ ስም፥ ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ይሁን ዘመነ ሉቃስ፥ አለቃው ማን እንደ ነበረ፥ ሁሉም በዚያ ይሰፍራል። ሙግት በተነሣ ጊዜ ወንጌሉ ይወጣና ይነበባል፤ ያም እንደ ውል ማኅደር ሆኖ ይፈርዳል። የጋብቻ ውል፥ የቤት ሽያጭ፥ የኑዛዜ ቃል ሳይቀር በዚያው ገብቶ ይገኛል። በሌላው አገር የመንግሥት መዝገብ ቤት የሚሠራውን ሥራ በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ይሠራው ነበርና፥ መጽሐፉ ከደብሩ የወጣ ቀን ደብሩ ንባቡን ብቻ ሳይሆን ምስክሩንም አጣ። ንባቡ በሌላ ቅጂ ይተካል፤ ዳዊት በየቤቱ አለ፤ ድጓም ይገለበጣል። የኅዳጉ ጽሑፍ ግን ሌላ ቅጂ የለውም። ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲቋቋም የቀድሞዎቹ ነገሥታት መዝገብ ብዙው በለንደን ተቀምጦ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መምህሩም ከለንደኑ መጻሕፍት የአንዱን ገጽ ፎቶግራፍ አምጥቶ ከሥሩ ካርድ አዘጋጀ። በካርዱም ላይ፥ መጽሐፉ የጎንደር ደብር ገንዘብ እንደ ነበረ፥ በዓፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ወደ መቅደላ እንደ ተወሰደ፥ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ እንደ ወሰደው፥ ዛሬም በለንደን እንዳለ በአራት መስመር ጻፈ። ክርክሩ የተነሣው በሁለተኛው መስመር ላይ ነው።

«መምህር፥ ይህን መስመር ያውጡት፤» አሉት ሊቀ መንበሩ።

«ውሸት ነውን?»

«ውሸት ነው አላልሁም። ለልጆቹ ነው የማስበው፤ ለልጆቹም ብቻ አይደለም። እነዚያ ዕቃውን አንመልስም የሚሉት ሰዎች ምክንያት ይፈልጋሉ፤ ንጉሣችሁም የወሰደው ከሌላ ነው ይሉናል። እርስዎ በገዛ እጅዎ ምክንያቱን ጽፈው ይሰጡአቸዋል።»

ሊቀ መንበሩ የተናገሩት የሞኝ ነገር አልነበረም። እንዲህ ያለ ክርክር በእርግጥ ይቀርባል። ደግሞም የሚጨመር አለ፤ ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቍስቋምም አብራ ተቃጥላለችና፥ መጻሕፍቱ በቦታቸው ቢቀሩ ኖሮ አመድ በሆኑ ነበር የሚል አይጠፋም። ይህም ሊሆን ይችል ነበር። ከእሳት የዳነ ዕቃ ግን ባለቤቱ ሲመጣ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። ንጉሥ በመንግሥቱ ውስጥ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ያዛወረው ዕቃ፥ በደልም ቢሆን፥ ቄሱ የሚቀድስበት ዕቃ መሆኑ አልቀረም፤ በደላንታ ሜዳ በጨረታ የተሸጠው ግን በዚያን ቀን ንዋየ ቅድሳት መሆኑ ቀርቶ ሸቀጥ ሆነ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። አንድ ስላልሆኑ ግን የመጀመሪያው አልተደረገም ብሎ መዝለል አይቻልም፤ በዚያ ዘመን ያለቀሰው የጎንደር ካህን እንባው እንባ ነበርና።

መምህሩ ይህን ሁሉ ለመናገር አሳቡን ሲያቀናጅ፥ ከዳር ተቀምጠው ያዳምጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቄስ ካርዱን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አቅርበው አነበቡት።

«ልጄ፥ በዚህ መጽሐፍ መጨረሻ ግዝት አለበት ወይስ የለበትም?»

«አለበት፥ አባ። የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን ይላል፤ እንደ ሌሎቹ ሁሉ።»

«ንጉሥ ካልሆነ በቀር ይላልን?»

«አይልም፥ አባ።»

«እንግዲያውስ አንተ ምን አግብቶህ ትለያለህ?» ብለው ካርዱን መለሱለት። ወዲያውም ወደ ሊቀ መንበሩ ዘወር ብለው፥ «እርስዎም አይቈጡ፤ ንጉሡን ከኛ ይልቅ እርሳቸው ራሳቸው ያውቃሉ፤ ኃጢአታቸውን ሳይሸሽጉ የተናገሩ ሰው ናቸው፤» አሉአቸው። ሊቀ መንበሩ ዝም አሉ። አራተኛው መስመር ሳይነካ ሁለተኛውም ባለበት ቀረ።

ስለ ተመለሱት ዕቃዎች የጻፈው አጭር ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን በጎበኙ ጊዜ ከሁለቱ ዘውዶች የብሩ ለንግሥት ዘውዲቱ እንዲመለስ ተወሰነ፤ የወርቁ በለንደን ቀረ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት በ1957 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ የቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም አመጡ። በ2010 ዓ.ም. 150ኛው ዓመት ሲታሰብ የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ሹም ዕቃዎቹን ለረጅም ዘመን በውሰት ለመስጠት ፈቃደኛ መሆናቸውን ተናገሩ። ስለ ውሰቱ መምህሩ አስተያየት አልጨመረም፤ ያነበበው ሁሉ ግን በዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር።

ስለ ኵርዓተ ርእሱ ግን በአጭር ማለፍ አልቻለም። ይህ ጌታ የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚታይበት፥ ከአውሮፓ መጥቶ በኢትዮጵያ ነገሥታት ዘንድ የኖረ ሥዕል ነው። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ሲወጡ ያስይዙት፥ መኳንንቱም በፊቱ ይምሉ ነበር። በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ከስናር ጋራ በተደረገው ጦርነት ተማርኮ በዋጋ ተመልሷል። ዓፄ ዮሐንስ በነገሡ በጥቂት ወር፥ በነሐሴ 1864 ዓ.ም.፥ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥትንና ይህን ሥዕል ጠየቁ። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ፤ ቤተ መዘክሩ ሁለት ቅጂ ስለ ነበረው አንዱን ለቀቀ። ሥዕሉ ግን በቤተ መዘክሩ አልተገኘም። እንዴትስ ይገኛል? ሆምስ ለራሱ አስቀርቶት ነበር። ያ ደብዳቤ ለንደን በደረሰ ጊዜ ሆምስ በዊንዘር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ የቤተ መጻሕፍት ሹም ነበር፤ ተፈላጊው ሥዕል ከደብዳቤዋ ተቀባይ ከገዛ ሹሟ እጅ ነበረ ማለት ነው።

ነገሩን የገለጠው ፎቶግራፍ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1905 በለንደን በሚታተም አንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ የሥዕሉ ፎቶግራፍ ወጣ፤ ከሥሩም ቀድሞ የሐበሻ ንጉሥ ገንዘብ እንደ ነበረ ተጻፈበት። ዓፄ ዮሐንስ በመተማ ከወደቁ 16 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ሥዕሉ በጨረታ ተሸጦ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ በፖርቱጋል አገር በግል ሰው እጅ ገባ። የኢትዮጵያ ሕዝብ እስካሁን የሚያውቀው ከፎቶግራፉ ነው። መምህሩም ያን ፎቶግራፍ በትልቁ አስቀድቶ ከሌሎቹ ጋራ ለመስቀል ሲያነሣው ሽማግሌው ቄስ ብድግ ብለው እጅ ነሡ። አንድ ተማሪ ይህን አይቶ፥ «አባ፥ ይህ እኮ ወረቀት ነው፤ ቅዱስ ሥዕል ይባላልን?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ሥዕሉ አይደለም፤ የሥዕሉ ወሬ ነው፤» አሉት። «የራቀ ወዳጅህ ወሬ ሲመጣ ተቀምጠህ ትሰማለህን?»

ሊቀ መንበሩ ደግሞ የታቦታቱም ሥዕል እንዲሰቀል ጠየቁ። በዚህ ግን መምህሩና ቄሱ በአንድ ቃል እንቢ አሉ። የብሪታንያ ቤተ መዘክር 11 ታቦታት ይዞ በልዩ ክፍል ሸፍኖ አስቀምጦአቸዋል፤ ለሕዝብ አይታዩም፥ የቤቱ ሠራተኞችም ሳይቀሩ አይመለከቱአቸውም። ቤተ መዘክር ማለት ለማሳየት የተሠራ ቤት ሆኖ ሳለ የማያሳየውንና የማያየውን ነገር ይጠብቃል። ቤተ መዘክሩ ዕቃ እንዳያወጣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1963 የወጣው ሕግ ይከለክለዋል ይላሉ፤ በኤዲንብራ ከተማ ግን አንድ ቤተ ክርስቲያን በቍም ሣጥኑ ውስጥ የተገኘውን የመቅደላ ታቦት ለመመለስ ሕግ አላስፈለገውም፤ ታቦቱም በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ስለዚህ ነገር በአዳራሹ የተሰቀለው ጽሑፍ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ፎቶግራፍ የሕፃኑ ነበር።

ደጃዝማች ዓለማየሁ አባታቸው በሞቱ ጊዜ የ7 ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከጦሩ ጋራ ወደ ሰሜን ሲጓዙ በግንቦት 1860 ዓ.ም. በመንገድ ሞተው በጨለቆት ተቀበሩ። ሕፃኑን የኢትዮጵያ ሰዎች ባሻ ፈለቀ እያሉ የሚጠሩት ካፒቴን ስፒዲ ይዞት ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። በዚያው ክረምት በዋይት ደሴት ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ስመ ጥር የፎቶግራፍ ባለሙያ አነሣችው። በፎቶግራፉ ላይ ሕፃኑ የአገሩን ልብስ ለብሶ፥ በአንገቱ ጌጥ አስሮ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ወደ ተመልካቹ አያይም። መሣሪያው ረጅም ጊዜ አትንቀሳቀስ የሚል ነበርና፥ ልጅ እንዲህ ጸጥ ብሎ መቀመጡ ከትእዛዝ ይሁን ከኀዘን ሥዕሉ አይለየውም። ብዙ ሰው ግን ኀዘን ነው ይላል፤ ያለፈበትን የሚያውቅ ሰው ሌላ ሊል አይችልም።

ወደ ቼልተንሃም፥ ወደ ራግቢ፥ ከዚያም ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተላኩ። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በሳንባ በሽታ በ18 ዓመታቸው ሞቱ፤ በዊንዘርም በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። በመታሰቢያቸው ላይ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ስለ እንግዳ መቀበል የተነገረው ቃል ተጽፏል። ቃሉን የመረጡት ሰዎች በቅን ልብ መርጠውት ይሆናል፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ለልጁ እንዳዘኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ይህ እንግዳ በገዛ እግሩ የመጣ እንግዳ አልነበረም። ኢትዮጵያ አጽማቸው እንዲመለስ ጠይቃ፥ በግንቦት 2015 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የተሰጠው መልስ በዚያ የተቀበሩትን የሌሎችን ዕረፍት ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ከጠጕራቸው ጥቂት ለኢትዮጵያ ተሰጠ፤ እንደ አባታቸው።

ካሜሮን ከሥዕሉ ጋራ የጻፈችው ስማቸውንና የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ መሆናቸውን ነው። ስሙን በማስቀመጧ ምስጋና ይገባታል፤ በዚያ ዘመን ከተነሡት የኢትዮጵያ ሰዎች ብዙዎቹ «የሐበሻ ወታደር»፥ «የሐበሻ ሴት» ከመባል በቀር ስም የላቸውምና። እናታቸው ግን በዚያ የሉም። መምህሩም ካርዱን እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «ደጃዝማች ዓለማየሁ። አባታቸው ዓፄ ቴዎድሮስ። እናታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ፥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ። ዕድሜያቸው 7 ዓመት።»

ሽማግሌው ቄስ ካርዱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«የክርስትና ስማቸውስ?»

«በፎቶግራፎቹ ላይ አልተጻፈም፥ አባ።»

«ታዲያ በጸሎት ማን ብዬ ልጥራቸው?»

መምህሩ ካርዱን ተቀብሎ ሌላ ወረቀት አወጣ፤ የጻፈውንም እንደ ገና ገለበጠ፤ ከስማቸውና ከአባታቸው ስም መካከል አንድ መስመር ክፍት አድርጎ ተወ። በማግሥቱም ለመጠየቅ ወደ ሊቃውንቱ ቤት ሄደ።